ፊደልና መሣሪያው፦ የኢትዮጵያ የኅትመት ንድፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን

20ኛው ክፍለ ዘመን ሲጠባ የኢትዮጵያ የገጽ ንድፍ በብራና ላይ የተካነ ጥበብ ነበር። ቁም ጸሐፊው የብራናውን ዳር በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየሳበ መስመር ያሰምራል፤ ገጹን በሁለት ወይም በሦስት ዐምድ ይከፍላል። ዋናው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ይወርዳል፤ የመጽሐፉ መነሻ፣ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ግን በቀይ ይጻፋል። በምዕራፍ ራስ ላይ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ፣ በልዩ ልዩ ቀለም የደመቀ ሐረግ ይጣላል። ቃልን ከቃል ሁለት ነጥብ ይለያል፤ ዐረፍተ ነገሩን አራት ነጥብ ይዘጋዋል። ዛሬ ግራፊክ ዲዛይን የሚባለው ሙያ የሚጠይቃቸው ነገሮች፣ ዐምዱም ኅዳጉም፣ ቀለሙም ጌጡም፣ በዚህ ገጽ ላይ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት መቶ ዓመታት ከውጭ ብዙ የንድፍ ስልት ገብቷል። የእያንዳንዱን ስልት ዕጣ የወሰነው ግን የግዕዝ ፊደል በምን መሣሪያ ተቀረጸ የሚለው ጥያቄ ነው። ከብርዕ ወደ እርሳስ ፊደል፣ ከዚያም ወደ ጽሕፈት መኪና፣ ወደ ብሩሽና ወደ ኮምፒውተር በተሻገረ ቁጥር የገጹ መልክ አብሮ ተለውጧል።

ቴምብርና የእርሳስ ፊደል

በአውሮፓ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመንገድ ፖስተር የገነነበት ጊዜ ነው። በፓሪስ ቱሉዝ ሎትሬክና አልፎንስ ሙሻ በድንጋይ ኅትመት የሚያባዟቸው ትላልቅ ሥዕሎች ግድግዳውን አልብሰውት ነበር። እንደ ሐረግ የሚጥመለመለው የአር ኑቮ መስመርም ከመጽሐፍ ሽፋን እስከ ባቡር ጣቢያ በር ድረስ ይታይ ነበር። ከዚያችው ፓሪስ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ዘመናዊ የምስል ኅትመት ግን በመጠኑ እጅግ ያነሰ ነው፤ ቴምብር ነበር። የዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹ 7 ቴምብሮች በ1887 ዓ.ም. አገልግሎት ላይ ዋሉ። ቅርጹን ያወጣው ፈረንሳዊው ኧዤን ሙሾን ነው። በአነስተኛ ዋጋዎቹ ላይ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በከፍተኛዎቹ ላይ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ታተመ። በዚያው ሰሞን በፓሪስ የተመታውን የምኒልክን ብር የቀረጸው ዣን ላግራንዥ ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያ በዓለም ፊት የታየችባቸው የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ምልክቶች ሐሳባቸው ከቤተ መንግሥት፣ የቅርጻቸው ሥራ ከፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በቴምብሮቹ ላይ የአገሪቱ ስም በላቲን ፊደል ተደርቦ ታተመ። ከዚያ በኋላ ሁለት ፊደል በአንድ ገጽ ማስማማት የኢትዮጵያ ንድፍ የዘወትር ሥራ ሆኖ ቀረ።

የኅትመት ሥራ ራሱ ወደ አገር ውስጥ የገባው ቀስ በቀስ ነው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን በፊት ሚሲዮናውያን በምፅዋ አካባቢ ማተሚያ አቋቁመው ነበር። በአዲስ አበባ ግሪካዊው እንድርያስ ካቫድያስ ያዘጋጀው፣ ስሙን ዐፄ ምኒልክ ያወጡለት «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ ተጽፎ ለጥቂት ሰዎች ይሠራጭ ነበር፤ ወደ ማተሚያ የተሻገረው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በሐረር የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሥራ ሲጀምር የአማርኛ ኅትመት ጠንካራ መሠረት አገኘ። በ1917 ዓ.ም. በዚሁ ስም የተጠራው ጋዜጣ መውጣት ጀመረ።

የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ በየቀኑ የሚጋፈጠው ችግር ግልጽ ነው። የላቲን ጽሑፍ የሚለቅም ሰው 26 ትልልቅና 26 ትንንሽ ፊደላት፣ ከቁጥርና ከነጥብ ጋር፣ በሁለት ሣጥን ይበቁታል። የግዕዝ ፊደል ግን 33 ሆሄያት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ቋ እና ኳ ያሉት፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ፊደል ለቃሚው እያንዳንዷን የእርሳስ ፊደል ከየክፍሏ አውጥቶ፣ ተገልብጣ የምትታየውን ቅርጽ በዓይኑ ለይቶ፣ በእጁ በያዘው መደርደሪያ ላይ ያሰልፋታል። መስመሩ ሲሞላ በቀጭን የእርሳስ ቁራጭ ያጠብቀዋል፤ ገጹ ከታተመ በኋላ ፊደላቱን መልሶ በየክፍላቸው ይበትናል። ለአንድ መጠን እንዲህ ያለ ብዙ ፊደል የሚያስፈልግ ከሆነ ለርእስ፣ ለንኡስ ርእስና ለደማቅ ጽሑፍ ሌላ ሌላ ስብስብ መግዛት ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ የዘመኑ ገጾች በአንድና በሁለት የፊደል መጠን የተወሰኑ ናቸው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም፤ በወጉም ዘንበል ያለ አጻጻፍ አይታወቅበትም። ቃልን አጉልቶ ለማሳየት የቀረው መንገድ ክፍተትን ማስፋት፣ መስመር ማስመርና በጌጥ ማጠር ነበር። በብራና ላይ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ቀይ ቀለም ወጪ ስለሚያበዛ ከዕለታዊው ኅትመት እየራቀ ሄደ።

በዚህ ዘመን ከየትኛውም የንድፍ ሥራ በላይ በሕዝቡ ዓይን የገባው የፊደል ገበታ ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ መጀመሪያ በእጃቸው እየጻፉ፣ በኋላ እያሳተሙ ያሠራጩት ገበታ ፊደላቱን በየረድፉ ደርድሮ፣ ከ«ሀ ሁ» ወደ «አ ቡ ጊ ዳ» እያሻገረ ልጆችን ያስተምራል። ረድፉ ሆሄውን፣ ዐምዱ ድምፁን ያሳያል፤ ሕፃን ልጅ በስንደዶ እየጠቆመ ወርዶም ተሻግሮም የሚያነበው ይህ ገጽ ሥርዓቱን በቅርጹ የሚያስረዳ ንድፍ ነው። ትውልዶች የፊደልን መልክ በአእምሯቸው የቀረጹት ከዚህ ገበታ ነው።

ከአራዳ ወደ መርካቶ

እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመን ባውሃውስ የተባለው ትምህርት ቤት ተከፈተ። በሶቪየት ኅብረት ኤል ሊሲትስኪና ጓደኞቹ ቀይና ጥቁር፣ ክብና ሦስት ማዕዘን፣ ደማቅ ጽሑፍና የተቆራረጠ ፎቶግራፍ ይዘው አዲስ የፖስተር ቋንቋ ፈጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1925 በፓሪስ የተካሄደው ኤግዚቢሽን አር ዴኮ ለተባለው ስልት ስም ሰጠው። እነዚህ ስልቶች በቀጥታ በትምህርት ወደ ኢትዮጵያ አልገቡም፤ የገቡት ከዕቃ ጋር ነው። በአራዳ ገበያ ግሪኮች፣ አርመኖችና ሕንዶች በሚነግዱባቸው ሱቆች ውስጥ የቆርቆሮ ጣሳው፣ የክብሪቱ ሣጥንና የጨርቁ ጥቅል ላይ የተለጠፈው ምልክት የአውሮፓን ንድፍ ወደ ገዢው እጅ ያደርስ ነበር። በአገር ውስጥ ምርት ላይም የራስ ምልክት መታየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው ቢራ ፋብሪካ ስሙንም ምልክቱንም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰደ። በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ቅዱስ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወደ ጠርሙስ ሲሻገር ማንም ሰው ሳያነብ የሚያውቀው የንግድ ምልክት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጡት፣ በስዊዘርላንድ የታተሙት ቴምብሮችም ከንግሥት ዘውዲቱና ከራስ ተፈሪ ምስል ጎን ዝሆንን፣ ቀጭኔን፣ ሰጎንንና ሌሎች የዱር እንስሳትን አሳይተዋል። የአገር መልክ ከንጉሥ ፊት አልፎ ወደ ተፈጥሮ ሰፋ።

ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ጣሩ። መኪናው ያለው ቁልፍ ጥቂት፣ ፊደሉ ብዙ ነው። መፍትሔው ፊደሉን መክፈል ሆነ፦ ግንዱ በአንድ ቁልፍ፣ እግሩ ወይም ቅጥያው በሌላ ቁልፍ ይመታና በወረቀቱ ላይ ይገጣጠማል። በዚህ መንገድ የሚጻፈው ፊደል መጋጠሚያው የሚታይ፣ የደረቀ መልክ ነበረው። ሆኖም ይህ መልክ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመንግሥት ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና የማስታወቂያ ሰሌዳ መልክ ሆኖ ቆየ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ወረራ የጣሊያን አገዛዝ የፋሺስትን የፕሮፓጋንዳ ንድፍ ይዞ መጣ። ጫፉ ያልተጌጠ፣ ወፍራም የላቲን ፊደል በሕንፃ ግንባርና በፖስተር ላይ ተተከለ። «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣም የአገዛዙን ቃል ያሠራጭ ነበር። ለከተማይቱ ንድፍ የበለጠ ዘላቂ የሆነው ውሳኔ ግን የገበያው መዛወር ነው። አገዛዙ ከተማውን በዘር ለመከፋፈል ሲል የአራዳን ገበያ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ወሰደው። ከአራዳ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወስደው መንገድ በዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የሚጠራውን ድልድይ ያቋርጣል። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከዚያ ወዲህ ሁለት የንድፍ ዓለሞችን አገናኘ። በምሥራቅ በኩል ማተሚያ ቤቱ፣ ጋዜጣው፣ መሥሪያ ቤቱና ሲኒማው አሉ። በምዕራብ በኩል ደግሞ በብሩሽ የሚጻፈው ታፔላ፣ የዕቃው ምልክትና የሸማቹ ሕዝብ ገበያ።

የብሩሽ ዘመን

ከድል በኋላ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. መታተም ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 «ኢትዮጵያን ሄራልድ» ተከተለ። በ1937 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተሙ አዲስ የገንዘብ ኖቶች ወጡ። በአንድ ብር ኖት ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ምስል ጋር በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ታየ። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የይሁዳን አንበሳና አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀለማትን በአውሮፕላኖቹ አካል ላይ ይዞ ተነሣ። አንበሳው ከቤተ መንግሥት ማኅተምነት ወደ ድርጅት አርማነት የተሸጋገረበት ጊዜ ይህ ነው።

በመርካቶ ደግሞ የታፔላ ሠዓሊው ሥራ ደራ። ሠዓሊው ቆርቆሮውን በነጭ ቀለም ይለብጣል። ሲደርቅ ላይና ታች ሁለት መስመር ያሰምራል፤ ፊደላቱን በእርሳስ ይነድፋል። የግዕዝ ፊደል ስፋቱ ወጥ ስላልሆነ፣ ሰፊው «ጨ» ጠባቡን «ነ» እንዳይውጠው፣ ክፍተቱን በዓይኑ ይመዝናል። ከዚያ ጠፍጣፋ ብሩሽ በዘይት ቀለም ነክሮ ግንዱን አወፍሮ ይስባል፤ እግሩን ያሳጥራል፤ በስተመጨረሻም በጎኑ ጥላ ይጥልበትና ፊደሉ ከሰሌዳው ተነሥቶ የወጣ ያስመስለዋል። ማንበብ ለማይችለው ገዢ ሥዕሉ ይናገራል፦ ለፀጉር አስተካካይ የተከረከመ ራስ፣ ለልብስ ሰፊ የስፌት መኪና፣ ለሥጋ ቤት በሬ። ሥዕሉ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ነው። በላቸው ይመርና ሌሎች ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ክፈፎች እየከፈሉ፣ በየክፈፉ የአማርኛ ማብራሪያ እየጻፉ ለገበያ ያቀርቡ ነበር። ታፔላውም ይህንን የሥዕልና የጽሑፍ ቅንጅት ወርሷል። ማተሚያ ቤቱ ያልነበረው ትልቅ ፊደል፣ ጥላውና ቀለሙ፣ በታፔላ ሠዓሊው እጅ ነበር። ብዙ የመጽሐፍ ሽፋንና የመጽሔት ርእስም በእጅ እየተጻፈ ክሊሼ በተባለው የተቀረጸ የብረት ሰሌዳ የሚታተመው በዚህ ምክንያት ነበር።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ትውልድ

በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በቺካጎ የተማሩት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ንድፍ ከልምድ ወደ ትምህርት የተሸጋገረው በዚህ ነው። ጀርመናዊው የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ባለሙያ ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በትምህርት ቤቱ ግራፊክ ጥበብን አስተማረ። በጀርመን ኮሎኝ የተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ቅርጽንና ደማቅ ቀለምን አስገቡ። ከለንደንና ከፓሪስ የተመለሱት እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ የአገሩን የአስማት ጥቅልልና ምልክት ወደ ዘመናዊ ሥዕል አመጡ። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡት ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደሉን ራሱን የሥዕላቸው አካል አድርገው በዓለም ታወቁ። ከትምህርት ቤቱ ውጭም አፈወርቅ ተክሌ ቴምብር ነድፈዋል፤ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ትልቁን የመስታወት ሥዕል ሠርተዋል።

በአውሮፓ ይህ ጊዜ የስዊስ ስልት የነገሠበት ነው። ገጹ በማይታይ ፍርግርግ ይከፈላል፤ ጌጥ ይቀራል፤ ፎቶግራፍ ሥዕልን ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውና በኋላ ሄልቬቲካ የተባለው የላቲን ፊደል የዚህ ስልት ምልክት ሆነ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅና በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ከተማዋ ፕሮግራም፣ መግለጫና ምልክት በብዙ ቋንቋ ማውጣት ግዴታዋ ሆነ። በሥርዓቱ የተስተካከለው ገጽም ከዚያ ጋር ተስፋፋ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የኢትዮጵያን የቱሪዝም ሥራ ሲያቋቁሙ የ13 ወር ፀሐይ የሚለውን መልእክት ይዘው በባለቀለም ፎቶግራፍ የተሠሩ ፖስተሮችን አሠራጩ። አንድ ትልቅ ምስል፣ አጭር ቃልና ሰፊ ባዶ ቦታ ያለው ይህ አሠራር ከታፔላው ጥግግት እጅግ የራቀ ነው። የአገሪቱን የቀን አቆጣጠር ለውጭ ሰው መጋበዣ አድርጎ የተጠቀመበት ሐሳብ ግን የአገር ልጅ ሐሳብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የራሱን የሙዚቃ ድርጅት ሲጀምር የሸክላ ሽፋን አዲስ የንድፍ መስክ ሆነ። ድምፃዊው በሱፍ ልብስና በጎፈሬ ፀጉር ከፎቶግራፉ ውስጥ ይመለከታል፤ ስሙ በአማርኛና በላቲን ፊደል ጎን ለጎን ይነበባል። ካይፋን የመሰሉ አሳታሚዎች ሥራውን ቀጠሉ፤ በኋላ ሸክላው ለካሴት ቦታ ለቀቀ። የካሴት ሽፋን መዳፍ የማይሞላ ወረቀት ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ፊት፣ ስምና የዘፈን ዝርዝር መስማማት ስለነበረባቸው ንድፍ አውጪው ፊደሉን አወፍሮ፣ ቀለሙን አድምቆ ይሠራ ነበር። ካሴቱ በመርካቶ ሱቆች ሲደረደር ገዢ ከሩቅ የሚለየው በፊቱና በቀለሙ ነው።

ቀይ ፖስተር

በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተማሪዎች ንቅናቄ ሌላ መሣሪያ አነሣ፤ ስቴንስልና ማባዣ። በጽሕፈት መኪና የተመታው፣ ቀለሙ የፈሰሰው፣ በርካሽ ወረቀት የታተመው በራሪ ጽሑፍ ጌጥ አልነበረውም። የአማርኛ የጽሕፈት መኪናው የተገጣጠመ ፊደል የተቃውሞም ፊደል ሆነ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላም «ዴሞክራሲያ»ን የመሰሉ የፓርቲ ልሳናት በኅቡዕ የተባዙት በዚህ መንገድ ነው።

ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ ዘውድ የደፋው አንበሳ ከሰንደቅ ዓላማና ከሰነድ ተነሣ። «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለው መፈክር በየአደባባዩ በትልቅ ፊደል ተጻፈ። ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ሌሎች ሶሻሊስት አገሮች ለትምህርት የተላኩ ሠዓሊዎች የዚያን ዓለም ፖስተር ስልት ይዘው ተመለሱ፦ የተጨበጠ ቡጢ፣ ማጭድና መዶሻ፣ ኮከብ፣ ወደፊት የሚያይ ወዝ አደርና ገበሬ። በአብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ምስሎች ቆሙ። ቀዩ ቀለም ከብራናው የክብር ቦታ ወጥቶ የአደባባይ ቀለም ሆነ። የ10ኛው ዓመት በዓል በመስከረም 1977 ዓ.ም. ሲከበር ሰሜን ኮሪያውያን ያገዙበት የትግላችን ሐውልት ተመረቀ፤ ከተማዋም በፖስተርና በሰንደቅ ተሸፈነች።

የዘመኑ ለሰው የተረፈ የንድፍ ሥራ ግን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ለዘመቻው የመማሪያ መጻሕፍት በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል፣ ታተሙ። ገጹ በትላልቅ ፊደላትና በቀላል ሥዕል ተሠራ፤ አንባቢው በሕይወቱ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የያዘ ጎልማሳ ስለሆነ ግልጽነት ከውበት በፊት መጣ። «የካቲት» መጽሔትና የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መጻሕፍትም ኦፍሴት ኅትመትን ተጠቅመው በፎቶግራፍና በሥዕል የተሠሩ ሽፋኖችን ለብዙ አንባቢ አደረሱ። በዚህ ሽግግር ውስጥ በቃላት መካከል ይገባ የነበረው ሁለት ነጥብ እየቀረ ባዶ ቦታ ተተካለት፤ የአማርኛ ገጽም ይበልጥ ነጣ።

ኮምፒውተርና የክፍለ ዘመኑ መጨረሻ

እ.ኤ.አ. በ1984 የማኪንቶሽ ኮምፒውተር፣ በዓመቱ ደግሞ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሲወጣ የዓለም ንድፍ ሠሪ የፊደል ለቃሚውን፣ የክሊሼ ሠሪውንና የአቀናባሪውን ሥራ በአንድ ጠረጴዛ ሰበሰበ። ለግዕዝ ግን የጽሕፈት መኪናው ችግር እንደገና ተነሣ። የዘመኑ ኮምፒውተር በአንድ የፊደል ስብስብ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረው፤ ከሁሉም ሆሄ ጋር የላቲን ፊደልንና ቁጥርን ለማካተት አይበቃም። በአሜሪካ የሚኖሩት ፍሥሐ አትላውና ዶክተር አበራ ሞላ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደልን በኮምፒውተር ለመጻፍ ከሠሩት ቀዳሚዎች መካከል ናቸው። በአዲስ አበባ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በየጽሕፈት ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ ተሠራጩ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቁጥር ስለሚያስቀምጥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር።

የፖለቲካው ለውጥ ይህን መሣሪያ ብዙ ሥራ ሰጠው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ የግል ኅትመትን ሲፈቅድ ጋዜጦችና መጽሔቶች በብዛት ወጡ። አንባቢን በመንገድ ላይ ለመያዝ ሲባል ሽፋኑ በፎቶግራፍ፣ በትልቅ ርእስና በቀይ ቀለም ተሞላ። ርእሱ በኮምፒውተር ሲወፍር፣ ሲወጠርና ሲያዘነብል ፊደሉ በተፈጥሮው የሌለውን መልክ ያዘ። በሌላ በኩል ንድፍ አውጪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከእርሳስ ፊደል ዕጥረት ነፃ ወጥቶ በአንድ ገጽ ላይ ብዙ መጠንና ብዙ ውፍረት የመጠቀም ዕድል አገኘ። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምርም በሁለት ፊደል የሚሠራው የምልክት ንድፍ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ጥምረት አልፎ የአገር ውስጥ ቋንቋዎች ጉዳይ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ለግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ሥርዓት ውስጥ ቋሚ ቦታ ሰጠው። እያንዳንዱ ሆሄ በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ቁጥር ስላለው ጽሑፍ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ሲሻገር አይበላሽም። ለዚህ ውጤት በኢትዮጵያም በውጭም የሚኖሩ ባለሙያዎች ለዓመታት ተከራክረዋል። ከዚያ በኋላ ኒያላን የመሰሉ፣ ለስክሪን ንባብ በጥንቃቄ የተሠሩ የግዕዝ ፊደላት ከኮምፒውተሮች ጋር አብረው መጡ።

ክፍለ ዘመኑ ሲያበቃ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ያገናኛቸው ሁለቱ ዓለሞች በአንድ መሣሪያ መሥራት ጀመሩ። ማተሚያ ቤቱና የመርካቶው ማስታወቂያ ሠሪ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ከፈቱ፤ በፕላስቲክ ላይ የሚታተመው ባነርና በመቁረጫ መኪና የሚወጣው ስቲከር የዘይት ቀለሙን ታፔላ ይተካ ጀመር። ሥራው ፈጠነ፣ ዋጋውም ረከሰ። ነገር ግን በኮምፒውተር የሚገኘው የግዕዝ ፊደል ዓይነት ከላቲኑ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለነበር ሱቁም፣ ባንኩም፣ ጋዜጣውም በተመሳሳይ ፊደል መጻፍ ያዙ። ታፔላ ሠዓሊው በእጁ ይለያይ የነበረው ቅርጽ፣ ቁም ጸሐፊው በብርዕ የለካው ክፍተት፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ትውልድ ያስተማረው ሥርዓት በአዲሱ መሣሪያ የሚቀጥለው ፊደሉን የሚያውቁ ሰዎች የራሳቸውን የፊደል ቅርጽ ሲነድፉ ነው። የ20ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ኅትመት ለተከታዩ ያወረሰው ዋና ሥራ ይህ ነው።